ሽቦ ለወንድሟ የሠራችው ጆይስቲክ

ይህን ጽሑፍ ልተወው ጥቂት ነበር የቀረኝ። ባለታሪኳ ከክፍሌ በአንድ ግድግዳ የምትለይ ጎረቤቴ ናት፤ የሰውን ጓዳ በወረቀት ላይ ማስጣት ነውር መስሎ ታየኝ፤ ያነበብኋቸው መጻሕፍትም እንዲህ ያለ ሰው እንዴት እንደሚጻፍ አላስተማሩኝም። እየፈራሁ ፈቃድ ስጠይቃት ግን፣ «ጻፈው። ካነበበው ሰው አንዱ የተሰበረ ሬዲዮ ቢያመጣልኝ ምን ከፋኝ» አለችኝ።

ሰፈሩ ሽቦ ይላታል። ቅጥነቷን አይተው ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ከበሯ እስከ አልጋዋ የተዘረጋውን ሽቦ ሳይረግጥ መግባት የቻለ ሰው ስለሌለ ይመስለኛል። ሬዲዮ፣ የስልክ ባትሪ መሙያና የጌም ቤቶችን ጆይስቲክ ትጠግናለች። አብሯት የሚኖረው ታላቅ ወንድሟ የክሬን ኦፕሬተር ነበር። አንድ ቀን የብረት ገመድ የቀኝ እጁን ሦስት ጣቶች ወሰደበት፤ ድርጅቱም ወደ ቤቱ ሰደደው። ከዚያ ወዲህ ሥራው እኅቱን በነገር መንካት ሆነ።

«እታለም፣ ዛሬ ደግሞ የስንት ሬዲዮ ሬሳ ገነዝሽ?»

«ምላስህን የሚበይድ ባገኝ ሁሉንም እተወው ነበር፣ ጋሼ።»

በድርጅቱ ደንብ መሠረት፣ ጉዳት የደረሰበት ኦፕሬተር ወደ ሥራ የሚመለሰው በማሠልጠኛ ክፍሉ ኮምፒውተር ላይ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጠውን ፈተና ሲያልፍ ነው። በስክሪኑ ላይ የተሣለ ክሬን አለ፤ የሚነዳው በጆይስቲክ ነው፤ ጆይስቲኩ ግን ለአምስት ጣት የተሠራ ነው። ፈታኙ ፎርማን በለማጅነቱ ዘመን በዚሁ ወንድሟ እጅ የሠለጠነ ሰው ነው። ያኔ፣ የክሬኑ ኃይል በመጣበት ቅጽበት እጁን ከመቆጣጠሪያው ዘንግ ላይ በማንሣቱ፣ በሰው ፊት በወንድሟ ጥፊ ተመትቷል። ወንድሟ ይህን ሲያወራ ይስቅ ነበር። ለኦፕሬተር እጅን ከዘንግ ሳያነሡ ኃይል መቀበል የመጀመሪያው ትምህርት ነው።

«ለሁለት ጣትዎ የሚሆን ጆይስቲክ ካለዎት ይዘው ይምጡ» አለው ፎርማኑ። «ኮምፒውተሩ ከተቀበለው እኔ ምን ቸገረኝ።»

ሽቦ ይህን ፌዝ እንደ ቃል ወሰደችው። ከቁርጥራጭ ብረት ተራ ያረጀ የክሬን ዘንግ አመጣች። ከሥሩ የሬዲዮ ድምፅ መጨመሪያ የነበሩ ሁለት የሚዞሩ ቁልፎች ገጠመች፤ አንደኛው ወደ ግራና ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚደረገውን እንቅስቃሴ ይለካል። ልኩን የሚያነብበው ማይክሮኮንትሮለር ከክብሪት ቤት የማይበልጥ ሰሌዳ ነው። በላዩ የጻፈችው ፕሮግራም ለኮምፒውተሩ «እኔ ጆይስቲክ ነኝ» ብሎ ይናገራል። የመጀመሪያው ሙከራ ግን ራሱን የፊደል ገበታ አድርጎ አስተዋወቀ፤ ዘንጉ በተነቃነቀ ቁጥር በስክሪኑ ላይ ፊደል ተንጋጋ።

«ክሬን ልንዳ ብል ማመልከቻ ታስጽፊኛለሽ?» አላት ወንድሟ።

ያን አስተካከለች። ቀጥሎ የመጣው ችግር የቁልፎቹ እርጅና ነበር፤ ዛሬ መሐል፣ ማለትም ክሬኑ በማይንቀሳቀስበት ቦታ፣ ያለው ነገ ከመሐል ፈቀቅ ይላል። ስለዚህ ጆይስቲኩ ኮምፒውተሩ ላይ በተሰካ ቁጥር፣ ዘንጉ በዚያች ቅጽበት የቆመበትን ቦታ መሐል ብሎ እንዲይዝ አደረገች። በዚያች ቅጽበት ብቻ ማንም ሊነካው አይገባም። ቤት ውስጥ፣ ተመሳሳይ የክሬን ጨዋታ በጫነችበት አሮጌ ኮምፒውተር ላይ፣ እሷ ትሰካለች፣ እሱ ከዚያ በኋላ መጥቶ ይቀመጣል። በሁለት ጣቱና በመዳፉ የተሣለውን ጭነት በተሣለው መኪና ላይ እንደ እንቁላል እስኪያስቀምጥ ድረስ ለመደው። በእነዚያ ቀናት እኅቱን በነገር መንካት ትቶ ነበር፤ ጺሙንም መላጨት ጀመረ።

የፈተናው ዕለት እኔና ሽቦ ከማሠልጠኛ ክፍሉ መስታወት ውጭ ቆምን። አስቀድማ ለወንድሟም ለፎርማኑም፣ «ሲሰካ ዘንጉ እንዳይነካ» ብላ ነበር። ፎርማኑ «ይሁን» አለ። ከዚያም ወንድሟን ከወንበሩ ላይ አስቀምጦ፣ ገመዱን ሳይሰካ በእጁ ይዞ ቆመ።

«ኃይል ሲመጣ የኦፕሬተር እጅ የት ነው የሚሆነው፣ ጋሽዬ? እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ።»

የወንድሟ እጅ ከሐሳቡ ቀደመ። «ዘንጉ ላይ» አለና ያዘው፤ ለመነሻ እንዲመቸውም ወደ ራሱ ሳብ አደረገው።

«ጎበዝ» አለ ፎርማኑ፤ ሰካው።

ሽቦ መስታወቱን በመዳፏ መታች፤ የዞረ ሰው አልነበረም። ዘንጉ ወደ ኋላ የተሳበበት ቦታ መሐል ሆኖ ተመዘገበ። ወንድሟ እጁን ባላላ ቁጥር ጭነቱ በራሱ ወደ ፊት ይሄድ ጀመር። ሲስበው ይቆማል፣ ሲያርፍ ይሄዳል። ጭነቱ የመኪናውን የጭነት ስፍራ አልፎ ከሹፌሩ ጋቢና ላይ ተቀመጠ። ስክሪኑ «አንድ ሟች» ብሎ ጻፈ።

«ሹፌሩን ልጆች እንዳሉት ጠይቀውታል?» አለ ፎርማኑ።

ሽቦ በሩን ከፍታ ገባች። «ነቅለህ ድጋሚ ስካው። እጁ ዘንጉ ላይ ስለነበር ነው። ነግሬህ ነበር እኮ።»

«ክሬን ጭነት አንጠልጥሎ ሳለ ነቅለሽ ትሰኪዋለሽ?» አላት፤ «አላለፈም» ብሎም ፈረመ። እየወጣን ሳለ ግን ዘንጉን ወዲያና ወዲህ እያደረገ፣ «ዕቃሽ ግን ጥሩ ነው። የእኛዎቹ ቶሎ ቶሎ ይሰበራሉ። ሰኞ ነዪ» አላት።

ወደ ሰፈር ተመለስን። ወንድሟ ከበሩ ሲደርስ፣ «ጣቴን የቆረጠው ገመድ እንኳ እንዳንቺ አልቀለደብኝም» አላት።

«ነግሬህ ነበር፣ ጋሼ።»

«እጄን ከዘንግ የሚያስለቅቅ ማሽን ሠርተሽ ነው የነገርሽኝ።»

ከዚያ ቀን በኋላ እታለም ብሎ አልጠራትም። ክንዱ በሚደርስበት ርቀት ተቀምጣ እያለች በግድግዳው በኩል እኔን ይጠራና፣ «ያችን ልጅ ሬዲዮውን ቀንሺ በላት» ይለኛል። እኔም መጥቼ እነግራታለሁ፤ እምቢ ለማለት ድፍረቱ የለኝም።

ሰኞ ሄደች፤ በዚያ ቤት ሌላ ገቢ የሚያመጣ ሰው አልነበረምና። አሁን ለማሠልጠኛ ክፍሉ ጆይስቲክ ትሠራለች። አዳዲስ ቁልፎች ስለሚገዙላት፣ ሲሰካ መሐሉን የሚለካውን ትእዛዝ ከፕሮግራሙ አውጥታዋለች። ፎርማኑ አዲስ ለማጆች በመጡ ቁጥር የተሣለ ሹፌር ስለገደለው ኦፕሬተር ይተርክላቸዋል፤ ይስቃሉ። እሷ ከክፍሉ ጥግ ሆና ትበይዳለች፤ ቀና አትልም።

ለምን እንደማትለቅ ጠየቅኋት። «ለቅቄስ? እሱን ማን ያበላዋል?» አለችኝ።

ደመወዟ በወር ዘጠኝ ሺህ ብር ነው።