የሐቢባ ቀያይ ዓሣዎች

ሸዕባን ዳንግላ ገበያ ዳር ጨርቅና ጨው የሚሸጥ፣ ንግግሩ ቁጥብ፣ እጁ ግን የተፈታ ሰው ነበር። ከሚስቱ ከሐቢባ ጋር ልጅ አላገኙም። ዘመድ «ሌላ አግባ» እያለ ቢወተውተውም እንዳልሰማ ሆኖ ኖረ። በ1950ዎቹ ማለቂያ ላይ ሐቢባ በሆድ ሕመም አልጋ ያዘች። የበላችው አይረጋላትም፤ ከሰውነት ወጣች።

ያን ሰሞን ሸዕባን ሸቀጥ ሊያመጣ ባሕር ዳር ወርዶ ሳለ፣ አንድ ፈረንጅ መሐንዲስ ወደ አገሩ ሊመለስ የቤቱን ዕቃ ሲሸጥ ደረሰ። ከዕቃው መሐል አራት ቀያይ ዓሣዎች የሚዋኙበት የመስታወት ሣጥን ነበር። ሸቀጡን ትቶ እሱን ገዛ። ውሃውን አጉድሎ፣ ሣጥኑን ጭኑ ላይ አቅፎ፣ በጭነት መኪና ጋቢና ዳንግላ ገባና ከሐቢባ አልጋ ትይዩ አኖረው። ሐቢባ ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀች።

ሸዕባን መውደዱን በአፉ መናገር አይሆንለትም፤ የሚያውቀው ማጉረስ ነው። ጠዋት ሱቁን ሳይከፍት ዳቦ ይፈረፍርላቸዋል፣ ማታም ይደግማል። ሕመምተኛ ሊጠይቅ የመጣውም ሁሉ፣ ጎረቤታቸው ይታይሽ ሳትቀር፣ ቁራሽ ሳይጥልላቸው አይወጣም። ዓሣዎቹ አፋቸውን እየከፈቱ ወደ ላይ ሲወጡ ሸዕባን ተርበዋል ብሎ ይጨምራል። ለሐቢባም እንዲሁ ነበር። ገንፎውን፣ ሾርባውን፣ «በሞቴ፣ ይችን ብቻ» እያለ ያጎርሳታል። እሷም እንዳይከፋው ትውጥና ሱቅ ሲሄድ ትመልሰዋለች።

ውሎ አድሮ ውሃው ደፈረሰ፣ ሸተተም። የአንዱ ዓሣ ሆድ ተነፍቶ ቅርፊቱ ተንጨፈረረ፤ ሌላው በአናቱ ተዘቅዝቆ ይንሳፈፍ ጀመር። ሸዕባን ደንግጦ ዳቦ ጨመረ። በማግስቱ ሁለቱም ሞተው ተገኙ።

ሐቢባ ቀኑን ሙሉ እነሱን ከማየት በቀር ሥራ አልነበራትም። ኩሳቸው እንደ ነጭ ክር ረዝሞ ከኋላቸው ሲጎተት አይታለች። ዳቦውን ጎርሰው መልሰው ሲተፉት፣ የተፉትም ከሥር ተከምሮ ሲበሰብስ አይታለች። አፋቸውን ከፍተው የሚወጡት ውሃው ከፍቶባቸው፣ ትንፋሽ አጥሯቸው እንደሆነ ገባት። ሸዕባን ፍርፋሪ ይዞ ሲጠጋ እጁን ያዘችው።

«ተዋቸው፣ ሸዕባን። ርቧቸው አይደለም፤ ከልክ በላይ በልተው ነው የሚሞቱት።»

«አፋቸውን ከፍተው እያየሽ?»

«አፉን የከፈተ ሁሉ የራበው አይደለም።» እጁን ሳትለቅ ቀጠለች፤ «እኔንም ተወኝ። የምታጎርሰኝን ሆዴ ተቀብሎልኝ አያውቅም። እንዳይከፋህ ብዬ ነው የምውጥልህ።»

ሸዕባን ፍርፋሪውን እንደጨበጠ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ እስኪመሽም አልተነሳ።

ከዚያ ወዲያ የበሰበሰውን ጠረገ፤ ቤት ውስጥ ያደረ ውሃ እያመጣ ጥቂት በጥቂት ለወጠላቸው። ለተወሰኑ ቀናት ምንም አልሰጣቸውም። ኋላም ሐቢባ «ለሆድ ይቀላል» ብላ እንደነገረችው የተቀቀለ አተር ልጦ፣ ደፍጥጦ፣ በጣቱ ጫፍ ቆንጥሮ ጣለላቸው። ያንደኛው ሆድ ጎደለ፣ ነጩ ክርም ቀረለት። ሌላው ግን አልፎበት ነበር፤ ሞተ።

ሐቢባንም ማጉረሱን ትቶ ማንኪያውን አስቀመጠ። ውሃ ስትለው ውሃ ይሰጣታል፤ አለዚያ እግሯን እያሻሸ የገበያውን ወሬ ያወራላታል። ምንም ሳያደርጉ አጠገቧ መቀመጥ ጨው ከመሸከም ይልቅ ይከብደው ነበር፤ ግን ተቀመጠ። እሷም በመጨረሻው ሰሞን ሕመሟን ሳትደብቀው ታመመች። ሐምሌ ሳይጋመስ፣ እጇ በእጁ እንዳለ አረፈች።

ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሰው ቤቱን ሞላው። ይታይሽ ዓሣው ውሃው መሐል ብቻውን ሲዞር አይታ፣ በሐዘኑ ተረስቷል ብላ ከፊቷ ካለው ዳቦ ቆረሰች። ከቀብር ወዲህ ቃል ያልወጣው ሸዕባን ተነሣ።

«በልቷል» አላት፤ በዝግታ።

ሣጥኑን አቅፎ ወደ ጓዳ ገባ። ከሰው ፊት አንድ ዘለላ ዕንባ ያላወጣው ሰው፣ እዚያ ሲደርስ ድምፁን ከፍ አድርጎ አለቀሰ።