ባለክሯ እና ያልተከፈቱ ደብዳቤዎቿ

ያን ቅዳሜ ዝናቡ የጀመረው ገና ሳይነጋ ነው፤ ከሰዓት በኋላም አላባራም። እንዲህ ባለ ቀን በልብስ ማጠቢያ ክፍላችን አንሶላ አይደርቅም። የማድረቂያው ማሽን ብቻውን ስለማይችለው ኮሪደሩ በገመድ ይሞላል፣ እኛም በእርጥብ ጨርቅ መሀል ጎንበስ ቀና ስንል እንውላለን። ከዚያ ቀን ይበልጥ የማስታውሰው ግን ከሥራ ወጥተን የገባንበትን አዳራሽ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለነበር ዝናቡ ሲወርድበት አጠገብ ያለ ሰው የሚናገረው እንኳ አይሰማም ነበር። ባለክሯ የሕይወቷን ምስጢር የተናገረችው በዚያ ጩኸት መሀል ነው።

ሆስፒታሉ ውስጥ ትልቁም ትንሹም ባለክሯ ይላታል። እኔ በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ እላታለሁ። ሥራዋ የተቀደደ አንሶላ መጣፍና የታጠበውን በየክፍሉ መለየት ነበር፤ እኔ ከእሷ ጎን እተኩሳለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲሁ ጎን ለጎን ቆምን። ጉልበታችንም አብሮ አለቀ።

እሷ ከመቀጠሯ በፊት የየክፍሉ ስም በአንሶላው ጫፍ ላይ በቀለም ይጻፍ ነበር አሉ። ሦስት ጊዜ ሲታጠብ ይጠፋል። እሷ መጣችና በየአንሶላው ማዕዘን ጣት የሚያህል ክር መስፋት ጀመረች፦ ለሕፃናት ክፍል ቢጫ፣ ለወላዶች ቀይ፣ ለቀዶ ጥገና ሰማያዊ፣ ለኩሽና ጥቁር። «ቀለም ይለቃል፣ ክር አይለቅም» ስትላቸው የዚያን ጊዜው አለቃ በብልህነቷ ተደንቀው ሥራው ሁሉ በክር እንዲሆን አዘዙ። ከዚያ በኋላ ያ ሁሉ ክፍል፣ ያ ሁሉ አልጋ፣ በእሷ ክር ሲተዳደር ኖረ።

አንድ ነገር ግን ነበር። ማስታወቂያ ሲለጠፍ፣ የፈረቃ ዝርዝር ሲወጣ፣ «መነጽሬን ቤት ረሳሁ፤ እስቲ አንቺ እይልኝ» ትለኛለች። አነብላታለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያ መነጽር ቤት እንደቀረ ነው። አንድ ቀን እንኳ አብሯት ሥራ አልመጣም።

ጣጣው የመጣው አዲስ አለቃ ሲሾም ነው። ወጣት ነው፣ ጨዋ ነው፣ ድምፁ ከፍ አይልም። ጽሑፍ የታተመበት ቁራጭ ጨርቅ በካርቶን አስመጣና «ማዘር፣ ክሩ ጊዜው አልፎበታል። ከእንግዲህ ይህንን ነው የሚሰፉት» አላት። እሷም «እሺ የኔ ልጅ» አለች። ሦስት ቀን መነጽሯን እየረሳች እኔን ስትጠይቀኝ ከረመች። በአራተኛው ቀን እኔ ወገቤን አሞኝ ቀረሁ።

በነጋታው ስገባ ክፍሉ በሳቅ ተሞልቷል። ለካ ባለክሯ ብቻዋን ስትለይ የኩሽናውን ሽርጥ ለቀዶ ጥገና፣ የቀዶ ጥገናውን ጨርቅ ለኩሽና ልካለች። ሐኪሙ ጥቅሉን ሲፈታ የወጥ ሠሪ ሽርጥ ቢያገኝ ጊዜ ስልክ አንስቶ «ለመሆኑ ዛሬ በሽተኛ ነው የምንቀደው ወይስ ሽንኩርት ነው የምንከትፈው?» ብሎ ጠየቀ አሉ። ሁሉም ሲስቅ እሷ አልሳቀችም። እጄን ይዛ ከማድረቂያው ማሽን ጀርባ ወሰደችኝ።

«ማንበብ አልችልም» አለችኝ። «አንድ ፊደል አልቆጠርኩም።»

«ጠርጥሬ ነበር፣ እትዬ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመነጽሩ ጀምሮ።»

«ሃያ ዓመት ጠርጥረሽ ዝም አልሽ?»

«አንቺስ ዝም ብለሽ የለ?»

በመጨረሻ ሳቀች። ከዚያ ግን ሳቋ አላለቀም፣ ወደ ለቅሶ ዞረ። የሚያስለቅሳት ሽርጡ አልነበረም። በቤቷ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከጋቢዋ ሥር፣ ሳይከፈቱ የተቀመጡ አምስት ደብዳቤዎች ነበሩ። የታናሽ እህቷ ናቸው።

እናትና አባታቸው የሞቱት በልጅነታቸው ነው። ትልቋ ሰው ቤት ልብስ እያጠበች ትንሿን አስተማረች። ትንሿ ተምራ አስተማሪ ሆነች፣ አግብታም ሩቅ ከተማ ሄደች። መኪና ላይ ስትወጣ «እንዴት ነው የምጽፍልሽ?» ብላ ብታለቅስ ጊዜ ባለክሯ «የማታ ትምህርት ጀምሬያለሁ፤ ጻፊልኝ፣ ራሴ አነበዋለሁ» አለቻት። እህቷ ሆዷ ተረጋግቶ እንድትሄድ የዋሸችው ውሸት ነበር።

የመጀመሪያው ደብዳቤ ሲመጣ፣ ገና ሆስፒታል ሳትቀጠር፣ የሚያነብላት አጥታ የሰፈሩ ባለሱቅ ዘንድ ወሰደችው። ባለሱቁ መደርደሪያው ላይ ተደግፎ፣ ዳቦ ሊገዛ የተሰለፈው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ በደንብ ጮክ ብሎ አነበበው። ውስጡ የነበረው ለእህት ብቻ የሚነገር የትዳር ጉዳይ ነው። ምን እንደሆነ ለእኔም አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳት። ሳይመሽ ሰፈሩ አወቀው፤ ሳምንት ሳይሞላ ወሬው እዚያ ሩቅ ከተማ፣ ከአማቶቿ ጆሮ ደረሰ።

ከዚያ በኋላ አምስት ደብዳቤ መጣ። ለሰው እንዳታስነብብ ባለሱቁ ትዝ ይላታል። ደግሞም ፈራች። «ስድብ ቢሆንስ? እርግማን ቢሆንስ? ባለማወቄ ይሻለኛል አልኩ» አለችኝ። መልስ ሲጠፋ ደብዳቤውም ቆመ። እህቷ ባሏ ሞቶባት ወደ ከተማችን ከተመለሰች ስድስት ዓመት ሆኗታል። ለቅሶ ቤት ሲገናኙ አንገት ነቅንቀው ይተላለፋሉ። እህቷ ምስጢሬን በትና ደብዳቤዬን ንቃ ተወችው ብላ ነው የምታምነው። እንዳታምን የሚያደርግ ነገር ማን ነገራት?

ከማጠቢያው ክፍል ፊት ለፊት ቤተ መጻሕፍት አለ። ከሥራ ስንወጣ አውቶቡስ የምንጠብቀው በረንዳው ላይ ነው። ከጥቂት ቀን በኋላ በሩ ላይ ማስታወቂያ አይቼ እንደ ልማዴ አነበብኩላት፦ በወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ማንም ሰው መጥቶ በራሱ ላይ የደረሰ እውነተኛ ታሪክ ለታዳሚ ይናገር፤ ሰባት ደቂቃ፤ ከወረቀት ማንበብ አይፈቀድም።

«ድገሚው» አለችኝ።

ደገምኩት።

«ከወረቀት ማንበብ አይፈቀድም ነው ያልሽው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ለእኔ ነው የተለጠፈው» አለች።

ሦስት ሳምንት ተለማመደች። የምትለማመደው ማሽኖቹ ሲዞሩ ነው፤ እኛ ክፍል ሰው ሳይጮህ አይሰማም። እኔ እየተኮስኩ እሷ እየጣፈች ታሪኳን ከማሽኑ በላይ ትጮኸዋለች። ሌሎቹ ሲያልፉ ዝም ትላለች። «ሰባት ደቂቃ ስንት አንሶላ ነው?» ስትለኝ «ለእኔ አራት» አልኳት። ከዚያ በኋላ በአንሶላ ለካችው።

እህቷን የመጥራቱ ሥራ በእኔ ላይ ወደቀ። አንደኛ ክፍል ነው የምታስተምረው። ትምህርት ቤት ሄጄ የተማሪዎቿን ደብተር ስታርም አገኘኋት። ማን እንደላከኝ ስነግራት እስክሪብቶዋን አላስቀመጠችም።

«ለእኔ አንድ መስመር ያጣች ሴት ለአዳራሽ ሙሉ ሰው ወሬ ተረፋት?»

«ነይና ስሚያት፣ እህቴ።»

«ሰምቼስ ምን ልላት ነው?»

«ምንም አትበያት። ወንበር ግን ሞልቷል።»

ትምጣ አትምጣ ሳላውቅ ተመለስኩ።

ያ ዝናባማ ቅዳሜ ደረሰ። አዳራሹ ውስጥ ሠላሳ የሚሆን ሰው ነበር፣ ሁሉም ጫማው ረጥቧል። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ቀጭን ሰው ነው፣ ትንሽ ደወል ይዟል። መዝገብ ዘርግቶ «ስምዎን እዚህ ይጻፉልኝ» አላት። እጇ ወደ ቦርሳዋ ሄደ። «መነጽሬን...» አለችና ቆመች። ከዚያ «መጻፍ አልችልም፣ ልጄ። አንተ ጻፍልኝ» አለችው። እዚያ ጋ ያለቀ መስሎኝ ነበር፤ ለእኔ ያ ብቻ ይበቃኝ ነበር።

ከእሷ በፊት ሁለት ሰዎች ተናገሩ። ጥሩ ሳይናገሩ አይቀሩም፣ ግን ከቆርቆሮው የተነሳ አፋቸው ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው ያየነው። ባለክሯ ስትነሳ ደብዳቤዎቹን በእጇ ይዛለች። ኃላፊው ብድግ አለ።

«እናቴ፣ ወረቀት አይፈቀድም። ሕጉ ነው።»

«ወረቀት መሆኑንማ አውቃለሁ» አለች። «ማንበብ ብችል ኖሮ እዚህ ምን አመጣኝ?»

ሰው ሳቀ። ኃላፊውም ቁጭ አለ።

ያኔ ነው በሩ የተከፈተው። እህቷ ገባች፤ ሻርፗን ሳትፈታ፣ የሚንጠባጠብ ዣንጥላዋን እንደያዘች፣ የመጨረሻው ወንበር ላይ በጎኗ ተቀመጠች። ባለክሯ አየቻት።  አንድ ሙሉ አንሶላ የሚያስተኩስ ዝምታ ነበር። ባለክሯ ትታው የምትወጣ መሰለኝ።

ከዚያ ማሽኑ አጠገብ እንደቆመች ሁሉ ድምጿን ከፍታ ጀመረች። ዝናቡ ሌሎቹን ዋጣቸው፣ እሷን አልቻላትም። ሰው በጆሮ የሚያንሾካሹከውን ነገር ጮኻ ነው የተናገረችው። ስለ ክሩ ተናገረች፤ ብልሃት ተብሎ የተጨበጨበለት ክር የመሃይም መደበቂያ መሆኑን። ስለ መነጽሩ ተናገረች፤ ሰው ሳቀ፣ አብራ ሳቀች። ስለ ማታ ትምህርቱ ውሸት ተናገረች። ባለሱቁ ላይ ስትደርስ ደብዳቤዎቹን ከፍ አደረገቻቸው።

«በመጀመሪያው ውስጥ የነበረው የእህቴ ነው» አለች። «አንድ ጊዜ ያለፈቃዷ በሰው ፊት ተሰምቷል፤ በእኔ አፍ ሁለተኛ አይሰማም። እኔ የምናገረው የራሴን ነው። አሳልፌ የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ በክፋት አልነበረም፣ ዓይን አልነበረኝም። እነዚህን አምስቱን ያልከፈትኩት ደግሞ ንቄ አይደለም።»

ደወሉ ተደወለ።

«ሰምቻለሁ» አለችው ኃላፊውን፣ ዞር ሳትል። «አንድ ነገር ቀርቶኛል። አንቺ የጻፍሽው ስድብም ቢሆን ይነበብልኝ፤ ካንቺ አፍ ግን ይሁን።»

ሰው አላጨበጨበም፤ ሁሉም የሚያየው የኋላውን ወንበር ነበር። እህቷ ተነሳች። በሰዎቹ ጉልበት መሀል እየተጣበበች ፊት ድረስ መጣች፣ ደብዳቤዎቹን ከባለክሯ እጅ ወስዳ በየተራ አገላበጠች። ፖስታው ላይ የራሷን የወጣትነት እጅ ጽሑፍ እያየች ነበር፤ እህቷ ልብስ አጥባ ያስተማረቻትን ጽሑፍ።

«ሁለተኛው ስድብ ነው» አለች በመጨረሻ። «እሱን መጨረሻ ላይ አነብልሻለሁ።» ደብዳቤዎቹን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «ነይ፣ ዣንጥላ ይዣለሁ።»

እኔ ያለ ዣንጥላ አውቶቡስ ጠበቅኩ። አልከፋኝም። ዕድሜዬን ሙሉ ዝም በማለት ነገር ያልፋል ብዬ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ብዙውም አልፏል፣ እውነት ለመናገር። እሷ ያደረገችውን ግን እኔ አላደርገውም ነበር። ማንበብ የምችለው እኔ ነኝ፣ ደፋሯ ግን እሷ ናት።

ሰኞ ዕለት ራሷ አለቃው ዘንድ ገብታ ነገረችው። ልጁ ትንሽ አሰበና ጽሑፉም ይኑር፣ ክሩም ይመለስ አለ፤ ተላላኪዎቹም ቢሆኑ በጥድፊያ ጊዜ የሚያዩት ክሩን ነበር። ደብዳቤዎቹን በሳምንት አንድ እያደረጉ በአምስት ሳምንት ጨረሷቸው። ስድቡ ከፈራችው በላይ ነበር ብላ ነገረችኝ፣ እየሳቀች። እህቷ መጨረሻ ላይ በጻፈችው ውስጥ ግን «ደህና መሆንሽን ብቻ ጻፊልኝ» ከሚል በቀር ምንም አልነበረም።

እህቷ ፊደል ልታስቆጥራት ሞክራ ነበር፤ እስከ «መ» ሄደው ተጣሉና ተዉት። ባለክሯ አሁን ጡረታ ወጥታለች፤ ስልሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ከእህቷ ጋር በሁለት ክፍል ቤት ትኖራለች፣ የሰፈሩን ልብስ ትጥፋለች፣ መርፌ የምታስገባበት መነጽርም ገዝታለች። ይህኛው ቤት አይረሳም፤ አንገቷ ላይ በሰማያዊ ክር ታስሯል።