ከፊት የቀሩት ሦስት ሰዓታት

በዓሣ አጥማጆቹ መንደር በስትራንድቪካ፣ ባሕር ሰው ሲበላ ወሬው ሁለት ዙር አለው። የመጀመሪያው እስከ ቀብሩ ድረስ ነው፤ ሟቹ ደግ ነበር፣ ታታሪ ነበር ይባልለታል። ሁለተኛው ከቀብሩ በኋላ ይጀምራል። ወንዶቹ ወደቡ ላይ ባለው የመረብ ቤት ተሰብስበው፣ መረብ እየጠገኑ፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይፈርዳሉ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ ሞቶ የወደቀ ደግሞ ምሳሩን የሚመክትበት እጅ እንኳ የለውም።

አስላክ በየካቲት ሲሞት ሠላሳ አራት ዓመቱ ነበር። ትንሽ ጀልባ ነበረችው፤ ብቻውን ዓሣ ያጠምድባታል። በዚያች ዕለት ጧት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እናቱ ዩርዲስ ዘንድ ደውሎ ስካርቨግሩን ላይ ነኝ አላት። ስካርቨግሩን ከወደቡ በስተምዕራብ ያለ፣ ሁሉም የሚያውቀው የማጥመጃ ቦታ ነው። ከዚያ በኋላ ድምፁ አልተሰማም። አራት ሰዓት ላይ ፈላጊዎች ወጡ፤ የወደቡ ማሽን እንደነገራቸው ከስካርቨግሩን ተነስተው ወደ ሰሜን ሄዱ፤ ቀኑን ሙሉ ሰሜኑን ሲያስሱ ዋሉ። አስላክ የተገኘው ግን አመሻሹ ላይ፣ በስተደቡብ፣ ባሕሩ መሐል ካለ ድንጋይ ጥግ ነው። ብርድ የሚከላከለውን የባሕር ልብስ እስከ አንገቱ ቆልፎ ለብሶታል። ሐኪሙ እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ ነፍሱ ሳትወጣ እንደቆየች ተናገረ።

የመረብ ቤቱ ፍርድ አጭር ነበር። ስካርቨግሩን ላይ የወደቀ ሰው ደቡብ ሊገኝ አይችልም፤ ስለዚህ አስላክ እዚያ አልነበረም። ዓሣ የሚበዛበት የደበቀው ቦታ ነበረው፤ ለገዛ እናቱ ዋሽቶ ፈላጊ አሳሳተ፤ ራሱን በራሱ ገደለ። እዚያ አገር አጥማጅ ዓሣ ያገኘበትን ቦታ ለወንድሙም አይናገርምና፣ ነገሩን ለማመን ማንም አልተቸገረም። የሚያሳዝነው ዩርዲስም ማመኗ ነው። ልጇን ቀብራ ከተመለሰች ጀምሮ መቃብሩ ጋ ዝር አላለችም። የዋሸ ልጅ መቃብር ድንጋይ ላይ ምን ልጻፍ ትላለች።

ኦድኒ ይህን ሁሉ የሰማችው በጎን ነው፤ ወሬ ፈልጋ የምትሄድ ሰው አይደለችም። ስልሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ አላገባችም፤ በቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን ከዩርዲስ ጎን ቆማ ሃያ ዓመት ዘምራለች። አባቷ በደሴቶቹ መካከል ፖስታ በጀልባ የሚያመላልስ ሰው ነበር። በሃያ ዓመቷ ትሮንድሃይም ከተማ ለትምህርት ወርዳ፣ ሊስፕ የሚባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ ከአንድ ዝምተኛ መምህር ተማረች። ሁሉ ነገር በቅንፍ ውስጥ ባለ ቅንፍ ውስጥ የሚቀመጥበት ቋንቋ ነው፤ ሌላው ተማሪ ሸሸው፣ እሷ ወደደችው። እናቷ ስትታመም ወደ ስትራንድቪካ ተመለሰች፤ ወደቡ አጠገብ ባለች ትንሽ ቢሮም ተቀጠረች። እዚያ ነው በባሕር የወደቀ ሰው ነፋስና ሞገድ ወዴት እንደሚወስደው አስልቶ ፈላጊዎቹን የሚመራውን ፕሮግራም የጻፈችው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እሱኑ ስታስታምም ኖራለች።

የቢሮ ባልደረባዋ ሩናር ቅንፍ ቆጣሪዋ ይላታል። ማሽኖቹንና የስልክ መስመሩን የሚጠብቀው እሱ ነው፤ በዕድሜ ሦስት ዓመት ታንሰኛለች ብሎ ይመጻደቃል፤ የሚበልጣት ግን በሁለት ነው። ፕሮግራምሽ ከእኔ ሚስት ይልቅ ብዙ ይታገሣል እያለ ይቀልዳል፤ እውነትም አለው። ይህ ዓይነቱ ፕሮግራም ስህተት ሲገጥመው ወድቆ አይሞትም። ባለበት ቆሞ ሆዱን ይከፍትልሻል፤ ምን እንደነካው ታያለሽ፤ የተበላሸችውን አንዲት መስመር ትለውጫለሽ፤ ቀጥል ስትይው ካቆመበት ይቀጥላል። ኦድኒ በዚህ የታወቀች ነበረች። ፍለጋው እየተካሄደ፣ ፕሮግራሙ እየሠራ፣ እሷ በሕይወት እንዳለ ትጠግነዋለች።

ነገሩን ያነሳሳው ዩርዲስን ገበያ አዳራሹ ውስጥ ማግኘቷ ነው። ሴትዮዋ ከስታ፣ ባዶ ቅርጫት ይዛ፣ የዳቦው መደርደሪያ ፊት ቆማ ነበር። ኦድኒ ሰላም ብላ ልታልፍ ስትል እጇን ያዘቻት።

«አንቺ እንኳ ንገሪኝ» አለቻት። «እውነት ስካርቨግሩን ቢሆን ኖሮ ማሽንሽ ያገኘው ነበር፤ አይደል?»

ኦድኒ አዎ አለች። ሳታስብ ነው የወጣት፤ ሠላሳ ዓመት የደከመችበት ነገር ነውና ሌላ መልስ አፏ ላይ አልነበረም። ቢሮዋ እስክትደርስ ግን ያቺ አዎ ከገዛችው ዳቦ ይልቅ ከበደቻት። አንዲት እናት በልጇና በማሽን መካከል ፈርዳ ማሽኑን አምናለች፤ ፍርዱን ያጸናችላት ደግሞ እሷ ናት።

በማግስቱ ጧት አስላክ የሞተበትን ቀን መዝገብ አወጣች። በየሰዓቱ ከባሕር ዳር ጣቢያዎች የመጡትን የነፋስ ወሬዎች ከአሥራ ሁለት ሰዓት እስከ አራት በቅደም ተከተል አስገብታ ፕሮግራሙን ጠየቀችው። ደቡብ አላት። እጇ ከማሽኑ ላይ ወረደ። አስላክ ስካርቨግሩን ላይ ከነበረ ነፋሱ በእርግጥ ወደ ደቡብ ነው የሚወስደው፤ የተገኘውም እዚያው ነው። ታዲያ ያን ዕለት ለምን ሰሜን አለ?

ሩናር ከትከሻዋ በላይ አሻግሮ አየ። በዚያ ዕለት ተረኛ የነበረው ሰው ቁጥር ተሳስቶ አስገብቶ ይሆናል አለ። አልተሳሳተም፣ መዝገቡ ይኸው አለችው። እንግዲያው የባሕር ነገር ነው፣ ተይው አላት። ሁለት ቀን ሙሉ ስትሞክር ሁለት ቀን ሙሉ ትክክለኛውን መለሰላት። ትክክል የሚመልስ ፕሮግራም ውስጥ ስህተት ማደን ጤነኛን ሰው በሽታህ ምንድን ነው እንደማለት ነው፤ ይሉኝታ ያስይዛል። ኦድኒም ሦስተኛው ቀን ላይ ልትተወው ነበር፤ እፎይታ እንደሚሆንላት ታውቅ ነበርና ራሷን ታዘበች።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላል። ከሥሩ ለማየት መዝገቡን እንደገና ስታነብ አንድ ነገር አስተዋለች። ወሬዎቹ በቅደም ተከተል አልመጡም ነበር። የውጪኛው ደሴት ጣቢያ መስመሩ ተቋርጦ ስለነበር፣ የአሥራ ሁለት፣ የአንድና የሁለት ሰዓቱ ነፋስ የደረሰው ከሦስትና ከአራት ሰዓቱ በኋላ ነው። እሷ ደግሞ እንደ ሥርዓተኛ ሰው ደርድራ ነበር የምታስገባው። እንደ አመጣጣቸው አስገባቻቸው። ፕሮግራሙ ሰሜን አለ።

አቆመችውና ሆዱን ከፈተች። አምስት ሰዓታት ሊኖሩበት በሚገባው ዝርዝር ውስጥ ሁለቱ ብቻ ቀርተዋል።

ስህተቱን ለሩናር ያስረዳችው በመስኮቱ በሚታዩ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች ነው። ቢጫ ልብስ ለብሰው እጅ ለእጅ ተያይዘው በሰልፍ ያልፉ ነበር፤ መምህርቷ የፊተኛውን ልጅ እጅ ይዛለች። ዝርዝር ማለት እንዲህ ነው አለችው። ፕሮግራሙ የሚይዘው የፊተኛውን እጅ ብቻ ነው፤ ሌሎቹን የሚያገኛቸው እሱን ተከትሎ ነው። አርፍደው የመጡ ሦስት ልጆች ከኋላ ይቀጠላሉ፤ ከዚያ ተሰላፊው በሰዓት ቅደም ተከተል ይደረደር ሲባል ሦስቱ ወደ ፊት ይሻገራሉ። መምህርቷ ግን አሁንም የያዘችው የድሮውን ፊተኛ እጅ ነው። እሱንና ከእሱ ኋላ ያሉትን ይዛ ትሄዳለች፤ ከፊት ያሉት ሦስቱ በር ላይ ይቀራሉ፤ የቀረ መኖሩንም አታውቅም። ከደረደርሽ በኋላ አዲሱን ፊተኛ ያዢ ብሎ መንገር ነው መድኃኒቱ። ኃይለኛው የሰሜን ነፋስ አስላክን ወደ ደቡብ የገፋው በእነዚያ ሦስት ሰዓታት ነበር።

ሩናር ይህን የሚያህል ስህተት ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንዴት ተደብቆ ኖረ ብሎ ጠየቀ። ኦድኒ ግን የምታውቀው ነገር እየመጣባት ነበር። ተነስታ ከመሳቢያዋ የሥራ ደብተሯን አወጣች። ሁለት ዓመት ወደ ኋላ፣ ሰኔ ላይ፣ በራሷ እጅ ተጽፎ አገኘችው፦ የድርደራው ፊተኛ ተስተካከለ፤ ወደ ፋይሉ ይገልበጥ።

ያኔ ሁለት ቀዛፊዎች ጠፍተው ነበር። ፕሮግራሙ የማይመስል ነገር ሲናገር አይታ፣ ፍለጋው መሐል ላይ፣ ይህችኑ መስመር ፕሮግራሙ እየሠራ እንዳለ ጠገነቻት። ሁለቱም በሕይወት ተገኙ። ቢሮው ኬክ ቆረሰላት፤ ሩናርም ንግግር አደረገ። ፕሮግራሙም በተጠገነበት ሁኔታ ሳይጠፋ ሳይቆም ዓመት ከአራት ወር ሠራ። ፕሮግራሙ ጠፍቶ ሲነሳ የሚያነበው ፋይል ውስጥ ግን ያቺን መስመር ማንም አልጻፋትም። ባለፈው ጥቅምት አሮጌው ማሽን ተነስቶ አዲስ ሲገባ፣ ፕሮግራሙ ከፋይሉ እንደገና ተነሳ። ከነአሮጌ ስህተቱ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ጥፋት የሚያጠፋ እንዲህ ያለውን ብልሃት የሚያውቅ ብቻ ነው፤ ሌላው ሰው ፕሮግራሙን ሳያቆም መጠገን አይችልምና ጽፎ ከማስቀመጥ ሌላ ምርጫ የለውም።

ኦድኒ መስመሯን ፋይሉ ውስጥ ጻፈች። ፕሮግራሙን አጠፋችው፤ ከፋይሉ አስነሳችው፤ ወሬዎቹን እንደ አመጣጣቸው ሰጠችው። ደቡብ አለ። ድንጋዩን ራሱን ጠቆማት። ከዚያ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች።

ሩናር ወንበሩን አስጠጋ። ያን ጊዜስ ቀልድ አልመጣለትም።

«ስሚኝ ኦድኒዬ» አላት። «የጠየቀሽ ሰው የለም። አሁን ተስተካክሏል። ብታወሪው ሰው በማሽኑ አያምንም፤ ነገ የሚወድቀውን ሰው በምን ይፈልጉታል? እሱ እንደሆነ ሞቷል።»

«ሞቷል» አለች። «ዋሾ ተብሎ ነው የሞተው።»

ለበላዮቿ ሁለት ገጽ ጽፋ ላከች፤ ስሟን ከላይም ከታችም አደረገች። መልሱን ሳትጠብቅ ካፖርቷን ለብሳ ወጣች። ዩርዲስ ቤት ሽቅብ ነው፤ በረዶው ቀልጦ መንገዱ ጭቃ ሆኗል። በመንገድ ላይ የምትናገረውን ስትደረድር ሄደች፤ በሩ ሲከፈት አንዱም አልቀረላት።

ገብታ ሳትቀመጥ ነገረቻት። ስለ ቅንፍና ስለ ዝርዝር አላነሳችም። ልጅሽ እዚያ ነኝ ባለበት ቦታ ነበር፤ ፕሮግራሙ ሦስት ሰዓታት ጥሎ ቆጠረ፤ ስህተቱን ከሁለት ዓመት በፊት አግኝቼ ሳልጽፈው ቀረሁ፤ ብጽፈው ኖሮ ደቡብ ይሄዱ ነበር፤ ምናልባት በሕይወት ይደርሱበት ነበር። አዎ ያልኩሽ ውሸት ነበር። እነዚህን ነው የተናገረችው።

ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የአስላክ የሱፍ ኮፍያ ታጥቦ ተቀምጦ ነበር፤ ዩርዲስ እሱን አንስታ ገለበጠችው፣ መልሳ ገለበጠችው።

«ስካርቨግሩን ነበር?» አለች በመጨረሻ።

«ስካርቨግሩን ነበር።»

«አልዋሸኝም።»

«አልዋሸሽም።»

ዩርዲስ አላለቀሰችም። ከቀብሩ ጀምሮ ልጇን ስትቆጣው ነበር የከረመችው፤ ለምን ዋሸኸኝ እያለች በባዶ ቤት ስትጨቀጭቀው፤ አሁን ያን ሁሉ ቁጣ ምን እንደምታደርገው አላወቀችም። ኦድኒ ይቅርታ ልትል አፏን ስትከፍት በእጇ ከለከለቻት።

«እሱን ዛሬ አትጠይቂኝ» አለች። «ሌላ ቀን እንደሆነ እንጃ። ዛሬ ግን አብረሽኝ ትወርጃለሽ።»

ወዴት እንደሆነ ኦድኒ መጠየቅ አላስፈለጋትም። አብረው ቁልቁል ወረዱ፤ ጭቃው ላይ ዩርዲስ ስትንሸራተት ክንዷን ሰጠቻት፤ አልተቀበለቻትም። የመረብ ቤቱ በር ክፍት ነበር። ሰባት ወንዶች ነበሩ፤ መሐላቸውም የመንደሩ አጥማጆች ሁሉ የሚፈሯቸው ሽማግሌው ኤይለርት ነበሩ፤ አስላክ ቦታ ደብቋል ብለው መጀመሪያ የተናገሩት እሳቸው ናቸው። ሁለቱን ሴቶች ሲያዩ እጆች መረቡ ላይ ቆሙ።

ኦድኒ ደጃፉ ላይ ቆማ ተናገረች። ድምፅዋ ቀጭን ነበር፤ መርፌ እንደያዙ የሰሟት ሰዎች አንገታቸውን ደፉ። አንዱ ኮፍያውን አወለቀ። ኤይለርት ግን እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ወደ አጠገባቸው ሰው ዞሩ፤ ምን አለች ለማለት።

ዩርዲስ ወደ ኦድኒ ተመለከተች።

«አልሰሙሽም» አለቻት። «ጠጋ በያቸውና ድገሚላቸው።»

ኦድኒ መረቦቹን ተሻግራ ሽማግሌው ፊት ቆመች፤ ከመጀመሪያውም ጀምራ፣ ጮክ ብላ፣ ደገመችላቸው።