ወባ ወንድሜን የመረጠችበት መከር

ባለፈው ሰሞን ቁሓ ከተማ ባለው ቤታችን ደጃፍ ተቀምጠን የሽምብራ እሸት ስንፈለፍል፣ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጄ፣ «አቦይ፣ ሰው ወባን መቋቋሙም አለመቋቋሙም ከጥንት አያቶቹ በወረሰው ደም ሊሆን ይችላል» አለችኝ። ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል አቋርጬ ቀሪውን በራሴ ያነበብኩ ሰው ነኝ፤ ያልጨበጥኩትን ነገር ቶሎ አልቀበልም። ያን ቀን ግን አልተከራከርኳትም።

ወጣት ሳለሁ ከታላቅ ወንድሜ ከሐጎስ ጋር ሰሊጥ ለማጨድ ቆላ ወርደን ነበር። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነው፤ መንገዱ ጥቁር ጭቃ፣ አየሩ የሚያፍን። የደጋ ሰው ያኔ ወባን የሚያመጣው ጥንቅሽ፣ ያ ጣፋጭ የማሽላ አገዳ፣ ይመስለው ነበር። እናታችንም እንዳንቀምሰው አስምላን ነበር። ግን በዚያ ሙቀት ማን ይችላል? አንዱን ለሁለት ሰብረን መጠጥነው።

ብዙም ሳይቆይ ሐጎስ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አጫጆቹ «ጥንቅሽ በልቶ ነው» አሉ።

«እኔም በልቻለሁ» አልኩ።

አብሮን የሚያጭደው የዚያው ቆላ ተወላጅ ኢድሪስ ሳቀባቸው። «እናንተ ደገኞች! እኔ ስመጥጠው አይደል ያደግሁት? ወባ እኛን ታውቀናለች፤ ከአያቶቻችን ጋር ኖራለች።»

«እንግዲያው አስታርቀን፣ ኢድሪስ» አለ ሐጎስ ከብርድ ልብሱ ውስጥ። በዚያ ሁኔታው እንኳ ይቀልድ ነበር።

ሐኪም ያለው ከወንዙ ማዶ ነው፤ ወንዙ ደግሞ ሞልቷል። ከኢድሪስ ጋር በቃሬዛ ተሸክመን ወስደነው ዳር ላይ ቆምን። ጨርቅ እያራስኩ ግንባሩ ላይ ከማድረግና ከመጸለይ በቀር የማደርገው አልነበረኝም።

«ሓወይ፣ ወንድሜ፣ አንተን ለምን ተወችህ?» አለኝ ሐጎስ። ቅናት አልነበረበትም፤ ማወቅ ፈልጎ ነው። ውሃው ሲጎድል ሐጎስ በሕይወት አልነበረም።

እናቴ የጠየቀችኝ ስለ ጥንቅሹ ብቻ ነበር። መብላታችንን ነገርኳት። ልጇን የገደለባት አገዳው ነው ብላ እንዳመነች ሞተች።

ልጄ እንዳስረዳችኝ፣ ወባ ባለበት አገር ለብዙ ትውልድ የኖሩ ሰዎች ደም ውስጥ መከላከያ ሊተላለፍ ይችላል፤ በልጅነት ደጋግሞ መታመምም ያለማምዳል። የአንድ እናት ልጆች እንኳ እኩል አይወርሱም። በሽተኛን ሆዳም፣ መሐላ አፍራሽ እያልን የምንወቅስ ሰዎች ይህን ልንሰማ ይገባናል።

እኔ ግን ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ወንዱ ልጄ፣ የእሷ ታናሽ፣ ሥራ አግኝቶ በቅርቡ ቆላ ይወርዳል።

«የእኔን ወርሶ ይሆን የሐጎስን?» አልኳት።

«በምን ይታወቃል፣ አቦይ? ብቻ አጎበር ይያዝ።»

አጎበሩን መርጬ፣ ቀዳዳ እንደሌለው አይቼ ሰጠሁት። የሰጠሁትን ደም ግን እኔም አላውቀውም።