ሰኮሩ የለቀቅናት ድመት ልጆች አሏት

በመጀመሪያ ይህን ልብ በሉ፦ ቤታችሁ የመጣችን ድመት ከማባረራችሁ በፊት ሆዷን እዩ፤ የምታጠባ ልትሆን ትችላለች።

እኔ ዛሬ ሳላይ ቀረሁ።

ባለቤት የሌላት አንዲት ግራጫ ድመት ቦሳ አዲስ ሰፈር ካለው ቤቴ እየገባች ወጥ ቤቱን ስታምሰው ሰነበተች። ጎረቤቴ ዘሀራ፣ «ጋሼ፣ በጆንያ ካልሆነ መንገዱን አስታውሳ ትመለሳለች» አለችኝ። ዛሬ ጠዋት አብረን ይዘን ጆንያ ውስጥ ከተትናትና ወደ ሰኮሩ ከተማ ለሚሄድ የሰፈራችን ሾፌር እዚያ እንዲለቃት ሰጠነው።

ከምሳ በኋላ ከኮርኒሱ ቀጭን ጩኸት ሰማሁ። መሰላል አቁሜ ወጣሁ። ዓይናቸው ያልተገለጠ ሦስት የድመት ግልገሎች!

«ምንድን ነው ጋሼ፣ አይጥ ነው?» አለችኝ ዘሀራ ከታች ሆና። ስነግራት፣ «ያ ረቢ! እናት ኖራለች!» ብላ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ለሾፌሩ ደወልኩ። «ለቀቅኳት እኮ ጋሼ! ጆንያውን ስፈታው ዘላ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለው ሥጋ ቤት ገባች» አለኝ። (እኔ ወተት እንኳ ያልሰጠኋት ሴትዮ የምትሄድበትን አላጣችም።)

ሾፌሩ ማታ ይመለሳል። የሰኮሩ ወዳጆቼ፣ ግራጫ ናት፤ የግራ ጆሮዋ ጫፍ ተቆርጧል። ካገኛችኋት ያዙልኝ፣ እሱ ያመጣታል።

እንዲህ ያሉ ጨቅላ ግልገሎች ያሳደጋችሁ ደግሞ፣ እናታቸው እስክትገኝ ምን ልስጣቸው? የላም ወተት ይስማማቸዋል? ጩኸታቸው እየደከመ ነው። እባካችሁ አንብባችሁ አትለፉኝ፤ አሁኑኑ መልሱልኝ።