የጠመንጃዋ ወረቀት

ጣሊያን አምስት ዓመት ያዘን ይላሉ። የእኛን መንደር አርባ ዓመት ያህል ይዟታል። ይህን ያወቅሁት በደርግ ጊዜ፣ ሸምግዬ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ከቆጠርኩ በኋላ ነው። ባልቆጠርኩ ያልኩበት ቀን ብዙ ነው።

ከላሊበላ የግማሽ ቀን መንገድ ባለችው ቀበሌያችን፣ ጠመንጃ ያለው ሁሉ ከነወረቀቱ መጥቶ ያስመዝግብ ተባለ። አባቴ አርበኛ ነው፤ ጠመንጃዋንም ከጣሊያን ነጥቆ ነው ያመጣት ይባላል። ሠርግ ላይ ከላይ የሚቀመጥ ሰው። ወረቀቷን እንደ ክታብ በቆዳ አሰፍቶ ካንገቱ አውልቋት አያውቅም። ያን ቀን ቆዳውን በቢላ ቀደደው።

«ልጄ ያንብባት» አለ፣ በኔ ሊኮራ።

ሕዝቡ ከወይራው ሥር ተቀምጧል። «ተነሳ እንግዲህ፣ ሽበታሙ ተማሪ!» አለኝ ሊቀመንበሩ። ሰው ሳቀ።

አዲስ አንባቢ ፊደሉን እንጂ ነገሩን አያይም። የአማርኛውን ጽሑፍ አንድ በአንድ እየለቀምኩ፣ ጮክ ብዬ፣ «ለኢጣሊያ መንግሥት ታማኝ የሆነ... ሽፍታው የተደበቀበትን ዋሻ መርቶ ስላሳየ... ይህች ጠመንጃ ተሰጥታዋለች» አልኩ። ምን እንዳልኩ የገባኝ ከጨረስኩ በኋላ ነው።

ሽፍታ የተባለው ጣሊያን ዋሻው ውስጥ የገደለው የመንደራችን አርበኛ ነው። ሚስቱ ከሕዝቡ መሃል ተቀምጣለች። ነጻነት ተመለሰ ሲባል አባቴ ጀግና ሆኖ ወጣ፤ እሷ ግን ስንቅ ስታደርስለት አስያዘችው ተብላ ባንዳ ሆነች። ከዚያ ወዲህ እሳት የሚያበድራት ጎረቤት አልነበረም። እኔም በልጅነቴ ደጇን በድንጋይ ደብድቤአለሁ።

«አዲስ አንባቢ ነህ፤ ተሳስተህ እንዳይሆን» አለኝ ሊቀመንበሩ፣ መውጫ ሲያበጅልኝ።

አባቴ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። «አዎ፣ ተሳስቻለሁ» ልል አፌን ከፈትኩ። ማንበብ የምንችል እኔና ሊቀመንበሩ ብቻ ነበርን፣ እሱ ደግሞ መውጫ ሰጥቶኛል፤ ማን ያጣራብኝ ነበር?

«ድገመው» አለች ባልቴቷ።

ደገምኩት። አሁን አልተንተባተብኩም።

አባቴ ብድግ አለ። «የጠመንጃዋ ቁጥርና ስሜ ብቻ ነው ያለባት ብሎኝ ነበር እኮ የጣሊያኑ አስተርጓሚ!»

ምነው ዝም ባለ! ወረቀቱን ተሳስቷል ማለት ይቻል ነበር፤ የገዛ አፉን ግን ማን ይመልሰዋል? ሊቀመንበሩ እንኳ ብዕሩን አስቀመጠ።

እሷ አላለቀሰችም። ወደ አባቴም አልዞረችም። ሰው ሲሞት የሚያስቀብረውን የቅሬ ዳኛችንን ነው ያየችው።

«እናቴን ብቻዬን ቀበርኳት» አለችው። «ጉድጓዱን የቆፈርኩት በነዚህ ነው።» ሁለት እጆቿን ዘረጋችለት።

ዳኛው ቀና ማለት አቃተው። ጥቂት ጠበቀችው፤ ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ቤቷ ቁልቁለቱን ወረደች። ተነስቶ የተከተላት አንድም ሰው አልነበረም። እኔም አልተከተልኳትም።