«እርምጃ አይረባም» ያልኳት

ሱዳን ሳለሁ፣ ዐማራት በሚባል ሰፈር ውስጥ ሴቶች ብቻ የሚገቡበት ስፖርት ቤት ነበር። እኔ እዚያ ወለል እወለውላለሁ፣ ላብ ያረፈባቸውን ማሽኖች እጠርጋለሁ። እጄ ሲሠራ ጆሮዬ አይቦዝንም። አሠልጣኟ ሱዳናዊት ለአዲስ ገቢዎች የምትለውን በቃሌ ይዤዋለሁ፦ ክብደት በዋናነት የሚቀንሰው ከማዕዱ ነው፤ እርምጃ ልብና ትንፋሽን ያጠነክራል፤ ብረት ማንሳት፣ ሰው ሲከሳ ጡንቻው አብሮ እንዳይሄድ ያደርጋል፤ ዝላይ ግን ጉልበቱ ለለመደ ብቻ ነው።

አርካዊት በሚባል ሌላ ሰፈር ከአንዲት የወሎ ሴት ጋር አንድ ክፍል ተጋርተን እንኖር ነበር። በአሥር ዓመት ስለምትበልጠኝ እትዬ እላታለሁ። እሷ ሰው ቤት ነው የምትሠራው። አንድ ቀን ከሐኪም ተመልሳ አልጋዋ ላይ ቁጭ አለች።

«ስኳርሽ ከፍ ብሏል፣ ክብደት ቀንሺ፣ በየቀኑ በእግርሽ ሂጂ አለኝ። ብቻዬን አፍራለሁ። አመሻሽ ላይ አብረሽኝ ትሄጃለሽ?»

ሁለት ቀን አብሬያት ሄድኩ። በየጥጋጥጉ እየቆመች ትንፋሿን ትሰበስባለች። ሁለተኛው ቀን ላይ የረክሻ፣ የእኛው ባጃጅ፣ ነጂዎች አይተዋት ሳቁ። አንዱ የሆነ ነገር ተናገረ፤ ሌሎቹ ደግመው ሳቁ። እሷ አንገቷን ደፋች። እኔ ደግሞ ሳላስበው አንድ ሁለት እርምጃ ቀደም አልኩ፤ አብሬያት እንዳልሆንኩ እንዲመስል። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

በሦስተኛው ቀን ጫማዋን አድርጋ ስትጠብቀኝ፣ «እትዬ፣ እኔ እኮ ስፖርት ቤት ነው የምሠራው» አልኳት። «እርምጃ አይረባም፤ ጊዜ ማጥፋት ነው። እዚሁ ግቢ ውስጥ ገመድ ዝለዪ፤ ቶሎ ያከሳል።»

«ወላሂ? እኔ ምን አውቃለሁ» አለች። «አላህ ይስጥሽ።»

ከልብስ ማስጫው ገመድ ቆርጣ ሲሚንቶው ላይ መዝለል ጀመረች። እኔ ማራገቢያው ሥር ተጋድሜ ድው ድው ሲል እሰማለሁ። «ጥሩ ነው?» ብላ ከውጭ ትጠይቀኛለች። «ጎበዝ» እላለሁ፣ ሳልነሳ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላት ቀኝ ጉልበቷ አብጦ እንደ ሐብሐብ ሆነ። የምትሠራበት ቤት ባለ ሦስት ፎቅ ነበር፤ ደረጃውን መውጣት አቃታት። ማዳሟ ሳምንት ጠበቀቻትና ሌላ ሴት ቀጠረች። የዚያን ቀን ጉልበቷን በጨው ውሃ ስትዘፈዝፍ፣ «ጥፋቱ የኔ ነው» አለችኝ። «አንቺ ያልሽኝን በደንብ አልያዝኩትም ይሆናል።»

በማግስቱ አሠልጣኟን ጠየቅኳት። የማውቃት ሴት እንዲህ ሆነች አልኳት።

«ለእንዲህ ያለ ሰው ዝላይ ማን አዘዘላት?»

«እንጃ» አልኳት።

ሐኪም እንዲያያት፣ እብጠቱ እስኪወርድ እንድታርፍ፣ ከዚያ ወንበር ይዛ ቁጭ ብድግ እያለች ጭኗን እንድታጠነክር ነገረችኝ። «ቀጥሎ እርምጃ» አለች። «በአምስት ደቂቃ ጀምራ ቀስ በቀስ ትጨምር።»

እንደተባለው አደረግን። ለወራት ያህል ከሥራ ስመለስ ጫማዬን ሳላወልቅ ይዣት እወጣለሁ። አሁን ክንዷን ይዤ ነው የምሄደው። እንጀራውንም አሳነስን፤ ሻይዋን ያለ ስኳር መጠጣቱን ግን እያማረረች ነው የለመደችው። ክብደቷ ቀስ ብሎ ወረደ፤ ከሁሉ በፊት የተሻለው ትንፋሿ ነበር። ፎቅ የሌለው ቤት ውስጥም ሥራ አገኘች፤ ደመወዙ ግን ከበፊቱ ያነሰ ነበር።

ለሚያገኟት ሴቶች ሁሉ፣ «ያዳነችኝ ይቺ እህቴ ናት፣ ስፖርት ታውቃለች» ትላለች። በተናገረች ቁጥር የምገባበት ይጠፋኛል።

አንድ አመሻሽ ስንራመድ ልነግራት ወሰንኩ። «እትዬ፣ ያኔ ገመድ ዝለዪ ያልኩሽ ...» ብዬ ጀመርኩ።

«ተይው፣ የአላህ ውሳኔ ነው» ብላ አቋረጠችኝ፤ ስለ አዲሷ ማዳሟ ልጆች ማውራት ጀመረች።

እኔም አልገፋሁበትም። ስላቋረጠችኝ ደስ ብሎኝ ነበር።